ከቀዩ ሥር ያለው ግራጫ

አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ምትኩ ይባላል፤ ከተማው ግን ጋሽ ምትኩ ይለዋል። ዕድሜው ሰባ ሁለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አምሳ ምናምኑን ያሳለፈው የመኪና ላሜራ ሲፍቅና ቀለም ሲረጭ ነው። የተገጨች መኪና እሱ ዘንድ ገብታ ስትወጣ ባለቤቷ ራሱ የቱ ጋ እንደተገጨች ማሳየት ያቅተዋል። «ምትኩ ጋ የገባ ጠባሳ ተመልሶ አይወጣም» ይላል ሰዉ። ምስጋና መሆኑ ነው። እሱ ግን ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀውም የለም።

ከጋራዡ በር አጠገብ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ አለ። እዚያ ቦጋለ የሚባል የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በየቀኑ ይቀመጣል። በወጣትነቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ሰው ገጭቶ ገድሎ አምልጧል ተብሎ ሰባት ዓመት ታስሯል። ያን ጊዜም፣ ከወህኒ ከወጣ በኋላም፣ ዛሬም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ አልገጨሁም።» የሚያምነው አላገኘም። ምትኩ ግን በየጠዋቱ ወንበር ያወጣለታል፣ ሻይ ያስመጣለታል። ይሄም ለቀቢው ሌላ ምስጋና አስገኝቶለታል፤ አገር ምድሩ ደግነቱን ያወራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልዑልሰገድ የሚባል ባለጠጋ አንዲት የድሮ የስፖርት መኪና በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች ቀይ መኪና ናት። የሟች አባቱ ነበረች። አባትየው ከወደብ ራሱ እየነዳ ካመጣት በኋላ መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት እስከ ዕለተ ሞቱ አንድም ቀን ሳያሽከረክራት ኖሯል።

«ከመውደዱ የተነሳ አቧራ እንዲነካት አይፈልግም ነበር» አለ ልዑልሰገድ።

ምትኩ መኪናዋን የሚያውቃት መሰለው። ሆኖም «ቀይ መኪና ሞልቷል» አለ በልቡ። እንዲህ ዓይነት ቃል ለራሱ መስጠት ለእሱ አዲስ አይደለም።

ልዑልሰገድ የፈለገውን ተናገረ። በወሩ መጨረሻ በዋናው ከተማ የድሮ መኪኖች ትርኢት አለ። ከውጭ የሚመጣው ዳኛ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ለሆነች መኪና ብቻ ነው። በኮፈኑ ሥር፣ በጎማ ቤቶቹ ውስጥ፣ በወንበሩ ሥር ሳይቀር በመብራት እየፈለገ ያያል።

«ልጄ፣ አስበህበታል?» አለው ምትኩ። «እንደ ፋብሪካው ማለት እንደ መስታወት ማለት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ የቀቡት ሰዎች ናቸው። ላዩን አሳምረው ውስጡን ይጣደፉበታል። ኮፈኑ ሥር ደብዛዛ ነው፤ ታችኛው ላሜራ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፤ አንዳንዱ ቦታ ጭራሽ ቀለም አልደረሰውም። እኔ ያንን ሁሉ እንዳለ ነው የምመልሰው። በኋላ ‹አስቀየምክብኝ› እንዳትለኝ።»

«እኔ የምፈልገው ቁንጅናዋን አይደለም፤ እውነቷን ነው» አለ ልዑልሰገድ፤ ቦጋለና ሁለት ደንበኞች እየሰሙት። «ፍቀው የሚያገኙትን ይመልሱልኝ። የተገኘው ይገኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ምን እንደተናገረ አላወቀም፤ ቀቢው ግን ቃሉን ያዘው።

ምትኩ ሥራ ሲጀምር የማይዘላት አንዲት ልማድ አለችው። ውሃ በነካ የብርጭቆ ወረቀት የስሙኒ ስፋት ያላት ክብ ይፍቃል፤ እስከ ብረቱ ድረስ። «መስኮት» ይላታል። በዚያች ክብ ዙሪያ መኪናዋ በዕድሜዋ የለበሰቻቸው ቀለሞች እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ተራ በተራ ይታያሉ። መኪና የማይናገረውን መስኮቷ ይናገራል።

ማክሰኞ በሩ ላይ መስኮት ከፈተ። ቀይ መጣ፤ ከቀዩ ሥር ግራጫ፤ ከግራጫው ሥር ፋብሪካ የሚቀባው ቡናማ ፀረ ዝገት፤ ከዚያ ብረት። እጁ ቆመ። ጣሪያው ላይ ሞከረ፤ ያው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ የቀለም ቁጥሯ የተጻፈባትን ትንሽ ሰሌዳ ፈለገ። እሷም በችኮላ ቀይ ተቀብታለች። ቀስ አድርጎ አጸዳትና ቁጥሯን ከድሮው የቀለም መጽሐፉ ጋር አስተያየ። ግራጫ ናት። ይህች መኪና ፋብሪካ ውስጥ አንድም ቀን ቀይ ሆና አታውቅም።

«ግራጫ መኪናም ሞልቷል» አለ። ይህቺኛዋን ለራሱ ሲላት አምሳ ዓመቷ ነው።

ረቡዕ የቀኙን የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን የሚሸፍነውን ላሜራ፣ ያዘ። እዚያ የከፈተው መስኮት ከሌሎቹ ተለየበት፤ በቀዩና በግራጫው መካከል ወፍራም ነጭ ስቱኮ አለ። ይህ ለአዋቂ ግልጽ ንባብ ነው፦ መኪናዋ ግራጫ ሳለች የቀኝ ጎኗ ተመትቷል፤ ጉድጓዱ በስቱኮ ተሞልቷል፤ በላዩ ላይ ቀይ ተረጭቷል። ምትኩ ፓራፋንጎው ሥር ተንበርክኮ የላሜራውን የውስጥ ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ቀዩ ቀለም እዚያ ላይ ፈስሶ ነበር። የፈሰሰውን አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ሊጠርገው ሞክሮ ጣቱ ታትሞ ቀርቷል፤ በአሻራው መሃል አግድም የጠባሳ መስመር አለ።

ምትኩ የቀኝ አውራ ጣቱን አየ። በሃያ ዓመቱ ላሜራ የቆረጠው ጠባሳ አግድም ተጋድሟል። ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአምሳ ዓመት በፊት፣ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ ከተማው በጉም ተሸፍኖ ሳለ እርገጤ የሚባል አናጺ መግቢያው ድልድይ ላይ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ትጓደድ እጁን ይዛው ነበር። ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ጉሙ ውስጥ ከገባው መኪና ያየችው ቀለሙን ብቻ ነው። «ግራጫ ነው» አለች። በዚያው ሰዓት ቦጋለ የመሥሪያ ቤቱን ግራጫ መኪና እየነዳ በዚያው ድልድይ አልፏል፤ የመኪናውም የፊት መከላከያ ብረት ከድሮ የተጨማደደ ነበር። ሌላ ግራጫ መኪና በከተማው ውስጥ ማንም አላየም። እንዴት ይታያል? ያቺ ሌላይቱ፣ የልዑልሰገድ አባት የሚነዳት፣ ከወደብ ገና እየገባች ነበር። ከድልድዩ በቀጥታ የሄደችው ምትኩ ተቀጥሮ ወደሚሠራበት ጋራዥ ነው። ባለጋራዡ ሠራተኛውን ሁሉ አሰናብቶ በሩን ዘጋና ከሃያ ሁለት ዓመቱ ምትኩ ጋር ብቻ ቀረ። ቀጥቅጥ አለው፤ ቀጠቀጠ። ስቱኮ ሙላ አለው፤ ሞላ። ቀይ እርጭ አለው፤ ረጨ። በሦስተኛው ቀን መኪናዋ ቀይ ሆና በዋናው መንገድ አልፋ ወደ መጋዘኑ ስትሄድ ከተማው አጨበጨበላት። ባለጋራዡም «ሆድ ይፍጀው» አለው።

ሆዱ ግን አልፈጀውም። ቦጋለ መያዙን ሲሰማ «ግራጫ መኪና ሞልቷል፤ ምናልባት እሱም ሊሆን ይችላል» አለ። ሲፈረድበት «አሁንማ ብናገር ምን ዋጋ አለው» አለ። ቦጋለ ሲፈታ «ያለፈ አልፏል» አለና ወንበር ማውጣት ጀመረ። ወንበሩ ደግነት አልነበረም፤ ሁለተኛ ቀለም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ምትኩ እንደ ልማዱ ወንበሩን ሲያወጣ ቦጋለ አልተቀመጠም። ከዘራውን ይዞ ቆመ።

«ምትኩ፣ እሁድ ድንጋይ ልሸከም ነው» አለ።

በዚያ አገር ደም ያለበት ሰው የሚታረቀው እንዲህ ነው። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ወገኖችና ሽማግሌዎች ወደተቀመጡበት ዋርካ ሥር ይመጣል፤ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ይቅር ሲባል ድንጋዩን ያወርዱለታል። ቦጋለ አምሳ ዓመት ሙሉ እምቢ ብሏል። በዚህም የተነሳ የእርገጤ ወገን እሱ ባለበት ለቅሶ አይቀመጥም፤ ሰርግም አይበላም።

«ያላጠፋኸውን?» አለ ምትኩ።

«ሰማንያ ሞላኝ። ልጆቼ በየለቅሶው ከሰው ተለይተው ሲቆሙ አያለሁ። እኔስ ስሞት ሬሳዬን ማን ያነሳዋል? እውነቴን ይዤ ብቻዬን ከምቀበር ዋሽቼ ከሰው ጋር ብቀበር ይሻላል አልኩ።» ቦጋለ ቀጠለ። «አንተ ብቻ ነህ በክፉ ያላየኸኝ። እሁድ አብረኸኝ ና። ድንጋዩ ከከበደኝ ክንዴን ትይዘኛለህ።»

ምትኩ «እመጣለሁ» አለ። ያን ቀን መርጫውን ሳይነካ ዋለ።

አርብ ልዑልሰገድ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። ምትኩ በሩን ዘግቶ ሦስቱን መስኮቶች አሳየው። የቀለም ቁጥሯ ያለበትን ሰሌዳ አሳየው። በመጨረሻ አውራ ጣቱን አሻራው ላይ አሳረፈና ምንም ሳያስቀር ነገረው።

ልዑልሰገድ ፓራፋንጎውን በእጁ ዳሰሰው። አባቱ ያቺን መኪና ለምን ቆልፎባት እንደኖረ ገና አሁን ገባው።

«አባቴ ሞቷል» አለ። «ቦጋለም ታስሮ ወጥቷል። እሁድ ሊታረቁ ነው ብለው ነገሩኝ። ሁሉም በሰላም ሊዘጋ ሁለት ቀን ነው የቀረው። አሁን ይሄን ማውጣት ማንን ይጠቅማል?»

ነገሩን እንዲያው ሲሰሙት ሚዛን ይደፋል። ምትኩም ይህንኑ ራሱን ሲጠይቅ ነው ያደረው።

«የሚዘጋው ቦጋለ ላይ ነው» አለ። «እሁድ ‹ገደልኩ› ካለ በኋላ ማንም አይከፍተውም።»

«ቀይ ይቀቧት። ትርኢቱም ይቅር፤ ለሚጠይቀኝ ፋብሪካው ቀይ ነው ያወጣት እላለሁ። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ ማን አለ?»

«የለም። ብቻዬን ማወቄ ነው የገደለኝ።»

«ጋሽ ምትኩ፣ ይቀቧት አልኩ።»

«ፍቀው የሚያገኙትን ይመልሱልኝ ያልከኝ አንተ ነህ፤ ሰው እየሰማ።»

ልዑልሰገድ አንቱታውን ተወው። «አንተ ሽማግሌ» አለ፣ «ነገ ጠዋት ጭነት መኪና ይዤ እመጣለሁ። መኪናዬን እወስዳለሁ። ሌላ ቀቢ አላጣም። ከዚያ በኋላ የምታወራውን ሁሉ የእርጅና ቅዠት ነው እላለሁ።» በሩን በርግዶ ወጣ።

ምትኩ ብቻውን ቀረ። ልዑልሰገድ እውነቱን ነው፤ መኪናዋ ከሄደች ከአንድ ሽማግሌ ወሬ በቀር የሚቀር ነገር የለም። ሌላ ቀቢ በአንድ ቀን ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ እንዴት እንደሚሸፈን ከምትኩ በላይ የሚያውቅ የለም። መፍቻውን አነሳና የቀኙን ፓራፋንጎ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። የሰው ንብረት ከግቢው ሳያስፈቅድ አውጥቶ አያውቅም። በጆንያ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደው።

ቅዳሜ ጭነት መኪናው መጣ። ልዑልሰገድ የተገሸለጠውን ጎን አይቶ ቀቢው ፊት ቆመ።

«ፓራፋንጎው የት አለ?»

«ቤቴ ነው። ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

«በፖሊስ አስመጣዋለሁ።»

«አስመጣው። ለፖሊስም የምናገረው አለኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። የጭነት መኪናው ሾፌር «ልጫን ወይስ ልሂድ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ልዑልሰገድ መልስ ሳይሰጠው የመጣበት መኪና ውስጥ ገብቶ ሄደ። ሾፌሩም ሊጭን የመጣውን ሳይጭን ተከተለው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ በመሃል፣ የእርገጤ ወገኖች በቀኝ፣ የቦጋለ ልጆች በግራ ተቀመጡ። ትጓደድ ከፊት ነበረች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ወደ ቦጋለ አላዞረችም። ቦጋለ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ መንገዱን ያያል። ምትኩ አልመጣም።

«ጊዜው ሄደ» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ። «ቦጋለ፣ ድንጋዩን አንሳ።»

ቦጋለ ዘንበል አለ። ልጁ ሊደግፈው ሲነሳ ሰዉ ወደ መንገዱ ዞረ። ጋሽ ምትኩ ቀይ ፓራፋንጎ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ እየመጣ ነበር። የብረቱ ጠርዝ ነጠላውን ቀዶት አንገቱ ደምቷል። ከሰዉ መሃል አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን ሲያይ ተወው።

ምትኩ ሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከከ።

«ተወው ጋሽ ቦጋለ» አለ። «እሱ ሸክም ያንተ አይደለም።»

ከዚያ ተናገረ። የጉሙን ጠዋት፣ የተዘጋውን በር፣ ስቱኮውን፣ ቀዩን ተናገረ። ማን ይነዳት እንደነበር ተናገረ። «ቦጋለ ሲታሰር አውቄ ነበር። ቢያንስ ለመጠየቅ የሚበቃ አውቅ ነበር። አልጠየቅሁም። መኪናዋን የሸፈንኩት በባለጋራዡ ትእዛዝ ነው፤ አምሳ ዓመት ሸፍኜ የኖርኩት ግን በራሴ ነው። መስኮቷ ማጅራቴ ላይ አለች፤ ዓይን ያለው ቀርቦ ይያት።»

ትጓደድ ተነስታ መጣች። ጎንበስ ብላ ያቺን የስሙኒ ስፋት ያላት ክብ አየች፤ ከቀዩ ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ግራጫው። ጣቷን ግራጫው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ነው» አለች። «አምሳ ዓመት በሕልሜ የማየው ይሄ ነው።» ቆይታ ጠየቀችው። «ያን ጊዜ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ ሁለት።»

«እኔ ዘጠኝ ነበርኩ። ያየሁትን ተናገርኩ። አንተ ያየኸውን ለምን አልተናገርክም?»

ምትኩ አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

ትጓደድ ቀና አለችና ዞራ ቦጋለን አየችው፤ ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሄዳ ለቦጋለ የተዘጋጀውን ድንጋይ ከመሬት አነሳችና በራሷ ማጅራት ላይ አድርጋ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«‹ግራጫ ነው› ብዬ የሰውን ጣት አንተ ላይ ያስቀሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «ይቅር በለኝ፣ አባቴ።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። የሟች ወገን ድንጋይ ሲሸከም በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ቦጋለ ግን ማንንም አልጠበቀም፤ ሁለት እጁን ሰድዶ ድንጋዩን አወረደላትና አንገቷን አቅፎ አለቀሰ። «አንቺ ልጅ ነበርሽ» እያለ፣ «አንቺማ ልጅ ነበርሽ።»

አለቃው ወደ ምትኩ እያመለከቱ «የሱንስ ማን ያውርድለት?» አሉ።

ቦጋለ እንባውን ጠረገና ቀቢውን አየው። «ሰባት ዓመት ታሰርኩ» አለ በዝግታ። «ከዚያ ወዲያ ግድግዳህ ሥር ተቀመጥኩ። ወንበር ባወጣህልኝ ቁጥር ‹ይህ ሰው ደግ ነው› እያልኩ መረቅሁህ። ምርቃቴን ሁሉ በላህብኝ፣ ምትኩ።» ከዚያ ለአለቃው እንዲህ አላቸው። «አወርድለታለሁ። ግን ትንሽ ይቆይ።»

ምትኩም ቆየ። ጥላው ከዋርካው አንድ ጎን ወደ ሌላው እስኪዞር ድረስ ተንበርክኮ ቆየ፤ አንድም ሰው ውሃ አላቀበለውም። ሰዉ ሊበተን ሲል ቦጋለ በከዘራው እየተደገፈ መጣ፤ ብረቱን በገዛ እጁ አነሳለትና «ና፣ ክንዴን ያዘኝና እንሂድ» አለው። ምትኩ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ከሰዎቹ ኋላ፣ መንገዱ ዳር፣ ልዑልሰገድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሁሉንም አይቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋራዡ መጣ። ዓይኑ አብጧል። ወደ ትጓደድና ወደ ቦጋለ ቤት ሽማግሌ መላኩን ተናገረና ትናንት ከዋርካው ሥር ያነሳውን ፓራፋንጎ በእጁ ይዞ ቆመ።

«ግራጫ ይቀቧት» አለ። «ልክ እንደ ፋብሪካው። ደብዛዛውም ሻካራውም ሳይቀር።»

«መስኮቷስ?»

«እሷን አይንኩብኝ።»

በወሩ መጨረሻ ትርኢቱ ላይ ዳኛው መብራቱን ይዞ ኮፈኑ ሥር ገባ፣ ጎማ ቤቱ ውስጥ ገባ፣ ሆዷ ሥር ተጋደመ። እንዲህ ወደ ልኩ የተመለሰ ቀለም አይቼ አላውቅም አለ። ከዚያ የቀኙ ፓራፋንጎ ላይ ደረሰና ያቺን ክብ አየ።

«ይቺን ሳይጨርሷት ለምን አመጧት?» አለ። «ይቺ ፋብሪካው የሠራት አይደለችም። በእሷ የተነሳ ወረቀቱን ልከለክልዎት ነው።»

«ያቺን የሠራነው እኛ ነን» አለ ልዑልሰገድ። «ስለዚህ ትታይ።»

ወረቀቱ አልተሰጠውም። መኪናዋን ይዞ ወደ ከተማው ሲመለስ ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ ይባላል።

ወዳጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምተሃል። ይጠራል፤ ነገር ግን በራሱ አይጠራም። ንጋቱን ፀሐይ ያመጣዋል፤ እውነትን ግን እጁ ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ መፋቅ አለበት። ብዙዎቻችን ጥፋታችንን በሐሰት አንሸፍንም፤ በደግነት ነው የምንሸፍነው። የበደልነውን ሰው ሻይ እንጋብዘዋለን፣ ወንበር እናወጣለታለን፣ ሲመርቀንም አሜን እንላለን። የሚገባው ግን አንድ ቃል ነበር፤ እሱንም ነፈግነው። ሽፋኑን የሠራ ሰው ሽፋኑ የት ጋ እንደሚላቀቅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪፍቀው አይጠብቅ።

አንተስ፣ በየጠዋቱ ወንበር የምታወጣለት ሰው ማነው? እሁድ ሳይደርስ የምትነግረው ነገር የለህም?